ሳጥኑ የነገረኝ ሰዓት

ሰኞ፣ ጥር 22 ቀን 2009

ይህ ደብተር የተሰጠኝ የሳጥኑን ቁጥር እንድመዘግብበት ነው። ከፊት በኩል ቁጥሩን እጽፋለሁ፤ ከኋላ ገልብጬ ደግሞ ይህን። ለቁጥሩ መስመር አስምሬያለሁ፤ ለዚህ አላሰመርኩም።

ኢንጂነር ሙሉሃብት ዛሬ ኮምፒውተሩን አስረከበኝ። ለእኔ! ቢሮ ለምጠርገው፣ ከስምንተኛ ክፍል ላቋረጥኩት። እሱ ሁለት ወር አዲስ አበባ ይቆያል፤ የአብያተ ክርስቲያናት ጥገና ፕሮጀክቱ እዚህ ሌላ ሰው የለውም። «የሻረግ፣ አንቺ ዝምተኛ ነሽ፤ ዝምተኛ ሰው ቅንፍ አይረሳም» አለኝ። ነገሩ የገባኝ ቆይቶ ነው። አንድ ቅንፍ ስረሳ ገጹ ሁሉ ቀይ ሆነ።

ሳጥኑ ያለው እኛ ቀበሌ ነው፤ ከላሊበላ ከተማ አንድ ሰዓት ሽቅብ ተሂዶ፣ ቀይ ዋሻ ሚካኤል ውስጥ። የቤተ ክርስቲያኑ መካከለኛ ዓምድ ከላይ እስከ ታች ተሰንጥቋል። ሳጥኑ ስንጥቁ ላይ ተጣብቆ ስፋቱን በየደቂቃው በሚሊ ሜትር ይለካና ቁጥሩን በስልክ መስመር አዲስ አበባ ወዳለ ትልቅ ኮምፒውተር ይልካል። ቀንም ሌሊትም አያቋርጥም። «እንደ ምንጭ ነው፤ ሲፈስስ ነው የሚውለው። እኛ የምንፈልገውን ቀን ብቻ እንቀዳለን» አለኝ። የሚቀዳው ፕሮግራም ክላየንት ይባላል፤ ጠያቂ እንደማለት ነው። የተጻፈበት ቋንቋ ፓይተን ይባላል። ፓይተን ዘንዶ ነው አለኝ። ለእናቴ ይህን አልነግራትም።

የምጽፈው ሦስት መስመር ነው። የመጀመሪያው ጠያቂውን ይጠራል። ሁለተኛው የሳጥኑን ስም ይሰጣል። ሦስተኛው ከመቼ እስከ መቼ እንደሆነ ይናገራል። ቀኑ በፈረንጅ ስለሆነ ከግድግዳው መቁጠሪያ እያየሁ እገለብጣለሁ። ከዚያ መልሱ ይወርዳል፦ ቀን፣ ሰዓት፣ ቁጥር። ከሰዓቱ ኋላ ሁልጊዜ ዜድ የምትባል ፊደል አለች። እንደ አራት ነጥብ መሆኗ ነው ብዬ ተውኳት። ጥያቄ ካበዛሁ ሐሳቡን እንዳይለውጥ ፈራሁ።

ሌላ ትእዛዝም አለ፤ ቁጥሩን ልክ እንደወረደ በቀጥታ የሚያሳይ። «እሱን አትክፈቺው፤ የኢንተርኔት ካርዱን ይበላል። የትናንቱን ብቻ ጠይቂ» አለኝ። እሺ አልኩ።

የቤተ ክርስቲያኑና የሳጥኑ ጠባቂ አባቴ ናቸው። ሃያ ሁለት ዓመት ጠብቀዋል። ሌሊት እዚያ ያድራሉ፤ ጠዋት ካህናቱ ጸልየው ሲወጡ በሩን ቆልፈው ወደ ቤት ይወርዳሉ። የበሩ ቁልፍ አንድ ነው፤ ያለውም እሳቸው ቀበቶ ላይ ነው።

ዓርብ፣ ጥር 26

2.41። 2.41። 2.41። አራት ቀን ሙሉ ንቅንቅ የለም። ኢንጂነሩ ደውሎ «ጎበዝ» አለኝ።

ሰኞ፣ ጥር 29

የእሑዱን ጠየቅሁ። ቁጥሩ ዘልሏል! 2.46 ደርሶ ሁለት ሰዓት ቆይቶ ወርዷል።

ማሽኑ ከሦስት እስከ አምስት ይላል። የፈረንጅን ሰዓት ወደ እኛ ለማምጣት ስድስት መቀነስ ነው፤ ይህን የማያውቅ የለም፤ አስጎብኚዎቹ ከእንግዶች ጋር ሲቀጣጠሩ ሁልጊዜ ይህንኑ ሲሉ ነው የምሰማው። ስለዚህ ከሌሊቱ ዘጠኝ እስከ አሥራ አንድ ነው።

ካህናቱ የሚመጡት ከአሥራ አንድ በኋላ ነው። በዘጠኝ ሰዓት እዚያ ያሉት አባቴ ብቻ ናቸው።

ሰዓቱን ነው የጻፍኩት። ሌላ ምንም አላልኩም።

ሐሙስ፣ የካቲት 2

የነነዌ ሦስቱ ቀን አልቆ ዛሬ እህል ቀመስን። ሦስቱንም ቀን ሳጥኑ ዘልሏል። ግን በሌሊት አይደለም። ማሽኑ ከአሥር እስከ አሥራ ሁለት ይላል፤ ስድስት ስቀንስ ከቀኑ አራት እስከ ስድስት ሰዓት።

በአራት ሰዓት በሩ ዝግ ነው። ቁልፉ ያለበትን ታውቃለህ፣ ደብተር።

ለኢንጂነሩ ደወልኩለት። ድምፁ ተለወጠ። «ዓለት እንዲህ በሰዓት አይዘልም። የሆነ ሰው ሳጥኑን እየነካካው ነው። ሊነቅለው ይሆናል። ሳጥኑ ከተበላሸ አለቆቼ ጥገናውን ይሰርዙታል፤ ጠባቂውም ይጠየቃል» አለ። ጠባቂው አባቴ መሆናቸውን ረስቶታል መሰለኝ። ወይም አልረሳውም።

ማታ አባቴ ውኃ ሲቀዱ ከኩባያው ውጪ አፈሰሱ። እጃቸው አይንቀጠቀጥም። ሐሳባቸው ሌላ ቦታ ነው። የሚያስበው ነገር ያለበት ሰው እንዲያ ያደርጋል።

ሰኞ፣ የካቲት 6

ምንጭ ስወርድ ወይዘሮ ባንችይርጋ ሴቶቹን ሰብስባ ነበር። የሰፈራችን የአንድ ለአምስት መሪ ናት። አስቸኳይ ጊዜ ከታወጀ ወዲህ ሦስት ሰው ከቆመ ድምፁን ይቀንሳል፤ እሷ ግን አትቀንስም።

«እቴ፣ ያ ሳጥን ጆሮ ነው! ንስሐሽን ስትናገሪ አዲስ አበባ ጠረጴዛ ላይ ይሰማል።»

«ኧረ ስንጥቅ ነው የሚለካው አሉ።»

«የማንን ስንጥቅ? የእኔን ተረከዝ ይለካልኝ!»

ሳቁ። ከዚያ እኔን አየችኝ። «ይኸው፣ የምታዳምጠው መጣች። የሻረግ፣ ባለፈው እሑድ ምን ብዬ ተሳልኩ? ንገሪኛ!»

እንስራዬን ሳልሞላ ተመለስኩ።

እንዲህ ከሆነ ሳጥኑን ሊነቅል የሚፈልገው ሰው ብዙ ነው። ደስ አለኝ፤ ወዲያው ደስታዬን ጠላሁት። ቁልፉ ግን አንድ ነው። ሰው ለምኗቸው ይሆን? አባቴ እንቢ ማለት አይሆንላቸውም።

የዚህ ሳምንት ቁጥር ዝም ነው። የእሑዱ ሌሊት ብቻ ዘለለ።

ዓርብ፣ የካቲት 17

ሁዳዴ ከገባ አምስተኛ ቀን። ከሰኞ እስከ ሐሙስ በየቀኑ፦ ከአራት እስከ ስድስት። በየቀኑ!

ስለ አባቴ ያየሁትን ልጻፍ። ክስ አይደለም።

አንደኛ፣ ስናገራቸው ዓይኔን አያዩም። ወደ ጆሮዬ ወይም ወደ ትከሻዬ ነው የሚያዩት። ድሮ እንዲህ አልነበሩም።

ሁለተኛ፣ ዳዊታቸውን አይገልጡም። ጠዋት ጠዋት መጽሐፉን ጭናቸው ላይ ዘግተው በቃላቸው ይደግማሉ። ዳዊት ሊገልጥ የሚያፍር ሰው ምን ሠርቶ ነው?

ሦስተኛ፣ ትናንት መንገድ ላይ አክስቴን ሰላም ሳይሏት አለፉ። እናቴ «ምን በድላህ ነው?» ብትላቸው «አላየኋትም» አሉ። በዚያ በቀጭን መንገድ!

ረቡዕ፣ የካቲት 22

ረቡዕ ረቡዕ ቀይ ዋሻ ወጥቼ ሳጥኑ የሚሠራበትን የፀሐይ መስታወት እወለውላለሁ፤ ከጣራው ዓለት ላይ ነው ያለው፤ በሩ ባይከፈትም ይደረስበታል። ዛሬ ልክ በአራት ሰዓት እንድደርስ አድርጌ ወጣሁ። ለምን እንዳደረግሁ አውቃለሁ።

በሩ ዝግ ነበር። አባቴ በደጃፉ የሉም። ዞር ስል ወደ አሸተን ማርያም በሚያወጣው መንገድ ሲመጡ አየኋቸው፤ ቢጫ ጀሪካን ይዘዋል፤ ቁልፉ ቀበቷቸው ላይ ይወዛወዛል። ጽዱ ሥር ገባሁ። በአጠገቤ አለፉ። አሥር እርምጃ አይሆንም። ነጠላዬ ነጭ ነው፤ ዛፉ ቀጭን ነው፤ የሚሰውረኝ ነገር አልነበረም። ወደ እኔ ዞሩ፤ ቀጥ ብለው አዩኝና መንገዳቸውን ቀጠሉ።

አይተው እንዳላየ አለፉኝ። የገዛ ልጃቸውን።

በየቀኑ በዚህ ሰዓት ከዚያ ወዲያ የሚሄዱት የት ነው? ጀሪካኑ ውስጥስ ምን አለ?

*በማግስቱ።* የዛሬውን አይደለም፣ የትናንቱን ጠየቅሁ። ከአራት እስከ ስድስት ዘልሏል፤ እኔ እዚያ ጣራው ላይ ቆሜ፣ በሩ ተዘግቶ። አምስት ሰዓት ላይ ነው የወረድኩት። ከዚያ በፊት ማንም አልገባም። ሳጥኑ ተሳስቶ ይሆናል አልኩ። ማሽን ግን አይሳሳትም አለ ኢንጂነሩ። ምናልባት ከኋላ በኩል እኔ የማላውቀው ቀዳዳ አለ። አባቴ ያውቁታል። ሃያ ሁለት ዓመት ነው።

ሰኞ፣ የካቲት 27

ኢንጂነሩ ደወለ። አለቆቹ አፋጥጠውታል። «የሻረግ፣ ሰዓቶቹን በመልእክት ላኪልኝ። በዚያ ሰዓት መግባት የሚችለው ማን እንደሆነም ጻፊ። እንዳትፈሪ፤ እውነቱን ብቻ።»

ጻፍኩ። «ከሰኞ እስከ ዓርብ ከቀኑ 4 እስከ 6 ሰዓት። ቅዳሜና እሑድ ከሌሊቱ 9 እስከ 11። በእነዚህ ሰዓቶች ቁልፉ ያለው ጠባቂው ዘንድ ብቻ ነው።»

ቅዳሜና እሑድ ወደ ሌሊት የዞረበትን ምክንያት አስቤበታለሁ፦ በእነዚያ ቀኖች ቀን ቀን ሰው ይበዛል። የተደበቀ ሰው ሥራ ነው።

«ጎበዝ፤ በጣም ንጹሕ ሥራ ነው» ብሎ መለሰልኝ። ቢሮውን ሁለት ጊዜ ጠረግሁት።

ማክሰኞ፣ የካቲት 28

«አባቴ» አላልኩም። «ጠባቂው» ነው ያልኩት። ለምን?

ስልኩን ስንት ጊዜ ከፈትኩት። የተላከ መልእክት አይመለስም።

እሑድ፣ መጋቢት 10

እንዳልረሳው ሁሉንም ልጻፍ። መርሳት እንደማልችል ባውቅም።

ከቅዳሴ በኋላ ሰበካው ተሰበሰበ። ገበዙ መምሬ ሀብተ ሥላሴ ከፕሮጀክቱ የመጣ ደብዳቤ ይዘው ቆሙ። ማንበብ ጀመሩ፤ የእኔ ቃል ነበር። አንዱም አልተለወጠም። «ቁልፉ ያለው ጠባቂው ዘንድ ብቻ ነው።» ሴቶቹ መካከል ተቀምጬ ነጠላዬን አፌ ላይ ያዝኩ።

«አያ ደግሰው» አሉ መምሬ፣ «እኔ በእርስዎ ላይ ክፉ ነገር አላየሁም። ግን ለዚህ ሁሉ ሰው የምመልሰው ልያዝ። በአራት ሰዓት የት ነበሩ?»

አባቴ ተነሡ።

«እሱን ለሚካኤል ነግሬዋለሁ» አሉ።

«ሚካኤል ለፕሮጀክቱ ደብዳቤ አይጽፍልን!» አለች ባንችይርጋ። ሳቅ ሆነ። አንድ ሽማግሌ ግን «ነውር ነው» አሉ።

«በአሸተን መንገድ በየጠዋቱ ጀሪካን ይዘው ይታያሉ ይባላል» አለ ሌላ ሰው። «ምን ተሸክመው ነው?»

«ውኃ።»

«ውኃ ከዚህ ከምንጩ ጠፍቶ?»

አባቴ ቁልፉን ከቀበቷቸው ፈቱ። እጃቸው አልቸኮለም። ዘረጉት፤ ግን ወደ መምሬ አይደለም፤ መምሬ ከቆሙበት አንድ ክንድ ወደ ግራ፣ ባዶ ቦታ ላይ። መምሬ ሄደው ተቀበሏቸው። ንዴት ነው ብዬ አሰብኩ። ፊታቸው ላይ ግን ንዴት አልነበረም።

ቁልፉ ለኮሚቴው አባል ለምናለ ተሰጠ።

ወደ ቤት ስንወርድ እናቴ ከፊት፣ እሳቸው ከኋላ፣ እኔ ከመጨረሻ።

ረቡዕ፣ መጋቢት 13

ሰኞ፦ ከአራት እስከ ስድስት። ማክሰኞ፣ የሚካኤል ዕለት፦ ከአራት እስከ ስድስት፤ 2.52፣ ከሁሉም የበለጠ።

ቁልፉ ምናለ ኪስ ውስጥ ነው።

ሌላ ቁልፍ አስቀርጸዋል?

ዛሬ አባቴ ሳይኖሩ መኝታቸውን ፈተሽኩ። ያገኘሁት የእርጥብ ጨርቅ ጥቅልና ውኃ ያለባት ትንሽ ጠርሙስ ነው። አሸተትኳት። አፈር አፈር ትላለች። ቁልፍ የለም። እንደነበረ አድርጌ መለስኩ፤ ጨርቁን ግን የቱ ጎን ወደ ላይ እንደነበረ ረሳሁት።

ሰኞ፣ መጋቢት 18

ዛሬ የተከለከልኩትን ከፈትኩ። ቁጥሩን በቀጥታ የሚያሳየውን። አባቴን ለመያዝ ነው የከፈትኩት። የምናለን ስልክ ቁጥር አጠገቤ ጽፌ አስቀምጬ ነበር፤ ሳጥኑ ሲዘልል ልደውልለት፣ ሮጦ በሩን ከፍቶ እንዲይዛቸው።

መስመሮቹ በየደቂቃው አንድ አንድ እያሉ ወረዱ። 2.42። 2.42። አራት ሰዓት ሞላ። ምንም የለም። አራት ከሩብ። ምንም። ያኔ ነው ሰዓታቸውን ያየሁት። አሁን የወረደው መስመር ሰባት ከሩብ ይላል። ከሰባት ላይ ስድስት ስቀንስ አንድ ሰዓት ይሆናል። ስልኬ ግን አሥር ከሩብ ይላል፤ በእኛ አራት ከሩብ። ማሽኑ አሁን ያየውን እንዴት የጠዋት አንድ ሰዓት ይለዋል? ሰዓቱ የተበላሸ መሰለኝ። በጣቴ እየቆጠርኩ ሳለ በሩ ተንኳኳ።

አባቴ ናቸው። አቧራ ለብሰዋል።

«እንዴት አደራችሁ» አሉ። «እዚህ የምትሠራ አንዲት ልጅ ነበረች፣ የሻረግ የምትባል። አለች ይሆን?»

ፊታቸው ወደ እኔ ነው። በመካከላችን ሁለት እርምጃ ነው ያለው።

«እኔ ነኝ፣ አባ» አልኩ።

ቆሙ። ከዚያ ሳቁ። «አውቄ ነው፤ ላስቅሽ ብዬ።»

እኔ አልሳቅኩም። በርጩማ አምጥቼ እጃቸውን ይዤ አስቀመጥኳቸው። እጃቸውን ከያዝኩ ስንት ዓመት ሆነኝ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አልኩ።

«ከመስከረም። መጀመሪያ ጉም መሰለኝ። ከአሸተን መንገድ ዳር ያለችውን ጸበል በየጠዋቱ ስታጠብባት ከረምኩ። ከእናትሽም ደብቄ በጠርሙስ አስቀምጬ ማታ ዓይኔ ላይ እጥላለሁ። እንቢ አለኝ እንጂ። ወደ ጤና ጣቢያው ውሰጂኝ ብዬ ነው የመጣሁት።»

«ለሰበካው ለምን አልነገሩም?»

«የማያይ ጠባቂ አለ ብዬ?»

ወሰድኳቸው። ሰልፉ ሞልቶ ነበር፤ ተራ ሰጥተውን ስምንት ሰዓት ተመለሱ አሉን። ወደ ቢሮ መጣን። ኮምፒውተሩ እንደተከፈተ ነበር። አጠገቤ ተቀመጡ፤ ከመስኮቱ የምትገባው ፀሐይ ጉልበታቸው ላይ ነበረች።

«ምን ይላል ይኼ ነገር?» አሉ።

«የዓምዱን ስንጥቅ ስፋት ነው። 2.42 ይላል። ዝም ብሏል።»

ፀሐይዋ ከጉልበታቸው ላይ ስትነሣ በእጃቸው ዳበሷት። «ሰባት ሆነ» አሉ። «አሁን ሕዝቡ ገብቷል።»

መስመር ወረደ። 2.43። ቀጥሎ 2.44። ስልኬን አየሁ። ሰባት ሰዓት አልፏል። ማሽኑ አሥር ሰዓት ይላል። 2.46።

«አባ፣ እየዘለለ ነው!»

«ምኑ?»

«ዓምዱ። ልክ አሁን። እርስዎ እዚህ ተቀምጠው!»

«ሰው ገብቶ ነዋ» አሉ፤ እንደ ተራ ነገር። «በሁዳዴ ቅዳሴው ከሰባት ነው። ካልተቀደሰ ማን ይቀምሳል? የደከመው ሁሉ ያንን ዓምድ ተደግፎ ነው የሚቆመው። ሙቀቱ፣ ትንፋሹ። ቅዳሜና እሑድ ደግሞ በጠዋት ይሆናል። እኔ በእጄ ስዳብሰው ከቅዳሴ በኋላ ዓለቱ ይሞቃል።»

ሁዳዴ። ነነዌ። ቅዳሜና እሑድ። ይህን የማያውቅ የቀበሌያችን ሕፃን የለም። እኔም አውቀው ነበር።

«አንቺ ይህን ማሽን በቀን ስንት ጊዜ ትጠይቂዋለሽ?» አሉ።

«ሦስት ጊዜ። አንዳንዴ አራት።»

«እኔንስ?»

ቁጣ አልነበረበትም። ቢኖርበት ይሻለኝ ነበር።

«ያን መልእክት የጻፍኩት እኔ ነኝ» አልኩ።

«አውቃለሁ። ከእኛ ውስጥ ሰዓት እየቆጠረ የሚጽፍ ሌላ ማን አለ?» ቀጥለውም፣ «መኝታዬንም የፈተሽሽ አንቺ ነሽ። ጨርቁን ገልብጠሽ መለስሽው» አሉ።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 19

ኢንጂነሩ ጋር ደወልኩ። ሁሉንም ነገርኩት።

«ዜድ አለች አይደል ከሰዓቱ ኋላ?» አለ። «እሷ የሩቅ አገር ሰዓት ናት፤ ዓለም ሁሉ ሰዓቱን ከእሷ ተነሥቶ የሚቆጥርባት። ከእኛ አገር በሦስት ሰዓት ወደ ኋላ ናት። ስለዚህ ወደ ሐበሻ ስታመጪው ሦስት ነው የምትቀንሺው እንጂ ስድስት አይደለም። አልነገርኩሽም እንዴ?»

«አልጠየቅሁም።»

«እኔም የጠባቂውን ስም ሳላይ ደብዳቤ ጻፍኩ» አለ። «ለሰበካው እኔ እጽፋለሁ። አንቺ ከዚህ ውስጥ ራስሽን አውጪ።»

አልፈልግም አልኩት። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ነው ያልኩትን የሰማሁት።

እሑድ፣ መጋቢት 24

ተናገርኩ።

መጀመሪያ ድምፄ አልወጣም፤ «ጮክ በይ እቴ፣ ሳጥኑ እንኳ አልሰማሽም!» አለች ባንችይርጋ። ሳቁ። ያ ሳቅ ጠቀመኝ፤ ተናደድኩና ድምፄ ወጣ።

ማሽኑ የሚናገረው የሩቅ አገር ሰዓት መሆኑን ነገርኳቸው። አራት ያልኩት ሰባት መሆኑን። ከሌሊቱ ዘጠኝ ያልኩት የጠዋት አሥራ ሁለት መሆኑን። ከደብተሬ ፊት ያሉትን ቁጥሮች አንድ በአንድ አነበብኩ፦ የነነዌ ሦስቱ ቀን፣ ከዚያ ዝምታ፣ ከዚያ ሁዳዴ፣ የሚካኤል ዕለት ከሁሉ የበለጠው።

መምሬ ሀብተ ሥላሴ እጃቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። «ቅዳሴያችንን ነዋ የሚቆጥረው!» አሉ።

«ወይ ጉድ! ሌባው እኛው ነን በሉኛ!» አለች ባንችይርጋ። ቀጥላም ዝቅ ባለ ድምፅ «እኔም ያንን ዓምድ ነው የምደገፈው፤ ወገቤን» አለች።

«ሳጥኑን የነካው ሰው የለም» አልኩ። «ኢንጂነሩ ዓምዱን በገመድ ከልሉት፤ ማንም አይደገፍበት፤ ጥገናው አይሰረዝም ብሏል። ስድስት የቀነስኩት እኔ ነኝ። መልእክቱን የጻፍኩትም እኔ ነኝ። አባቴ በአራት ሰዓት የት እንደነበሩ ማንንም አይመለከትም።»

ያ የመጨረሻው ሳላስበው ነው የወጣው። ማንም አልሳቀም።

ምናለ ቁልፉን ከኪሱ አወጣ። መምሬ ተቀብለው አባቴ ድረስ ሄዱና መዳፋቸው ላይ አኖሩት። «አያ ደግሰው፣ ይቅር ይበሉኝ» አሉ።

«እግዚአብሔር ይቅር ይበለን» አሉ አባቴ። ቁልፉን ጨበጡት። ወደ ቀበቷቸው ለማሰር ግን ጊዜ ወሰደባቸው፤ ሰው ሁሉ ያየው ነበር። ልረዳቸው እጄን ስዘረጋ ቀስ ብለው መለሱት።

ሰኞ፣ ሚያዝያ 9፣ የፋሲካ ማግስት

ጤና ጣቢያው የዓይን ሞራ ነው ብሏል። ለቀዶ ጥገና ሐኪሞች በግንቦት ይመጣሉ ተብሏል። ይመጣሉ ወይ ብዬ የምጠራጠረውን ለአባቴ አልነገርኳቸውም። እናቴ አሁን ሁሉንም ታውቃለች፤ አንድ ቀን ሙሉ ተቆጣች፤ ከዚያ ኩባያቸውን ሁልጊዜ አንድ ቦታ ማስቀመጥ ጀመረች።

የፋሲካን ሌሊት በሩን የከፈቱት አባቴ ናቸው። መብራት ሳይይዙ። እጃቸው መቆለፊያውን አልሳተውም።

ዛሬ ጠዋት ግን «አብረሽኝ ነይ» ብለው መምሬ ሀብተ ሥላሴ ቤት ሄድን። የምናለም ዘመዶች ለእንኳን አደረሳችሁ መጥተው ነበር። አባቴ ቆሙ፤ አልቀመጥም አሉ። ቁልፉን ከቀበቷቸው ፈትተው ዘረጉ። መምሬ የት እንደቆሙ በጆሯቸው ነው ያወቁት፤ ዛሬ ቀጥታ ነበር።

«አያ ደግሰው፣ ምነው? ተጣላን?» አሉ መምሬ።

«አልተጣላንም። ዓይኔ ደክሟል፤ በሩ የሚያይ ሰው ይፈልጋል።» ከዚያ ትንሽ ፈገግ አሉ። «ያን ጊዜ ወሰዳችሁብኝ። ዛሬ እኔ ሰጠኋችሁ።»

መምሬ በሁለት እጃቸው ተቀበሉ።

ስንወርድ ቁልቁለቱ ላይ ቆም አሉ። ዛሬ ጠየቅኋቸው።

«አባ፣ አሁን ምን ይታይዎታል?»

አሰቡበት። «ብርሃኑ ይታየኛል። የሚመጣው ሰው መሆኑ ይታየኛል። ማን እንደሆነ ግን ካልተናገረ አላውቅም።»

እጄን ሰጠኋቸውና ማውራት ጀመርኩ። ጽዱን፣ ድንጋዩን፣ የሚመጡትን ሰዎች ስም፣ ማን ምን እንደለበሰ። አክስቴ ስትመጣ ከሩቅ ነገርኳቸውና ቀድመው ሰላም አሏት። ቤት እስክንደርስ አላቆምኩም።